የክዋን ቤት ሙት ምራት

ሻቱንግ መንደር፣ የውሻ ዓመት፣ ሁለተኛው ጨረቃ፣ ቀን 9

ለታናሽ ወንድሜ ለፉንግ ሁንግ፤ ኢፖ ከተማ፣ ማላያ

ባሕር የማያደበዝዘው ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። አንተ፣ ባለቤትህና ልጆችህ እንዴት ከረማችሁ? የምሕረት እናት ጉዋንዪን ከወባም ከክፉ ጎረቤትም ትሰውራችሁ። እኔ፣ ምስጋና ይድረሳትና፣ በሕይወት አለሁ።

ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ደግመህ አንብባት። ቀኝ እግሬ ያነክሳል፣ ሁለት ጥርስ ጎድሎኛል፤ ሌላው ሁሉ በቦታው አለ። ጽሕፈቱ የማን ነው ትል ይሆናል፤ የገዛ እጄ ነው። ያስተማረችኝ ቾይንጋን ናት፣ በከሰል፣ በሙዝ ቅጠል ላይ። ታስታውሳታለህ፤ ባል አናገባም ብለን በአንድ ቀን ጸጉራችንን ጠቅልለን ካሰርነው የመሐላ እህቶች መሃል ረጅሟ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የማትሸፍነዋ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳህ። ጃፓኖች በነበሩ ጊዜ እኔና እሷ ለጫካ ተዋጊዎች ጥይትና መድኃኒት በጀልባ እናሳልፍ ነበር። የምንደብቀው ከሐር ትል ገበታ ሥር ነው። የጃፓን ወታደር ደም ላይ ቆሞ ሩዙን ይበላል፤ ትል ሲያይ ግን ይቀፈዋል። ሳንጃውን ሰብስቦ እለፉ ይለናል። እኔ ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ትል ያሳደግሁ ነኝና ትል አይቀፈኝም።

በበግ ዓመት፣ ክረምት ላይ፣ አንድ ቀን ተራው የኔ ሆኖ ሳለ ወባ አንዘፈዘፈኝ። ቾይንጋን «ሰማያዊ ኮትሽን አምጪ፣ ኬላው የሚያውቀው ኮቱን ነው» አለችና ለብሳው ወጣች። በአራተኛው ቀን ከሽማግሌው ክዋን የዓሣ ኩሬ አወጧት። ፊቷን ዓሣ በልቶት ስለነበር የለዩዋት በኮቱ ነው፤ በኔ ኮት። ስለዚህ የሞትኩት እኔ ሆንኩ። እኔም ዝም አልኩ። ሙትን ማንም አይፈልግም፤ ጫካ ገብቼ ሁለት ዓመት ከምናምን ጠመንጃ የያዝኩት ሙት ሆኜ ነው። ቾይንጋን ስሜን ተሸክማልኝ ከኩሬው ዳር አፈር ውስጥ ተኛች። ይህን ስጽፍልህ ማፈሬን አልደብቅህም።

ከስምንት ቀን በፊት መንደር ገባሁ። ቶፉ ሻጯ ድልድዩ ላይ ስታየኝ የአኩሪ አተር አይቧን ከነትሪው ጥላ ሮጠች። የክዋን ደጃፍ ላይ ስደርስ «የጀግና ሰማዕት ቤት» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሰማዕቷ ማን ናት ብዬ ጸጉር አስተካካዩን ብጠይቀው ምላጩን አየር ላይ ይዞ ቀረ። «አንቺ ነሻ!» አለኝ። «ጃፓን እጅ በሰጠ በሦስተኛው ወር ለክዋን ሟች ልጅ ተዳርሽ። አውራ ዶሮ በሙሽራው ቦታ ቆመ፤ አጥንትሽ በቀይ ወንበር ተጭኖ ሄደ። የተጠበሰ አሳማ በላንልሽ እኮ!»

ማን ሰጠኝ? አልኩት።

«ወንድምሽ፣ ከማላያ፤ ማኅተሙ አለበት።»

ሁንግ፣ አሁን ልቆጣ አልፈልግም። ባል የሌላት ሟች ስሟ በወላጆቿ ቤት እንደማይቀመጥ፣ ነፍሷም ጎዳና ላይ እንደምትቀር አውቃለሁ፤ አዝነህልኝ ይሆናል። አሁን ግን አለሁ። እዚያ የክዋን ልጅ አጠገብ የተቀበረችው ቾይንጋን ናት፤ ወንድ አጠገቤ አይደርስም ብላ በጉዋንዪን ፊት የማለች ሴት። ላወጣት እፈልጋለሁ። የመንደሩ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ጠየቅሁ፤ ጸሐፊው ቀና ብሎ ሳያየኝ «ሴት የምትለቀቀው በሰጣት ወንድ ማኅተም ነው» አለኝ። ስለዚህ ማኅተምህ ያለበት የመሻሪያ ወረቀት ቶሎ ላክልኝ። ከዚህ ሌላ ምንም አልለምንህም።

እህትህ ሳውቻን


ኢፖ፣ የውሻ ዓመት፣ አራተኛው ጨረቃ፣ ቀን 20

ለማላውቅዎ ጸሐፊ

ሰላምና ጤና ለእርስዎ ይሁን። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ባለቤቴ የሙት ደብዳቤ በጨው ካልታጠነ ቤት አይገባም ብላ ደጅ ላይ አቆየችው።

እህቴ ነፍሷን በሰማይ ያሳርፋትና ፊደል የማትለይ ሴት ነበረች። የሞቷን ወሬ በሰማሁ ጊዜ ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም። ስለዚህ እርስዎ በኀዘኔ ለመጫወት የተነሱ ሰው ከሆኑ ሰማይ ይፍረድብዎ። መንፈስ ከሆኑ ደግሞ ይቅርታ፤ የሚጎድልዎን ይንገሩኝና ለሙታን እንደሚደረገው አቃጥልልዎታለሁ፤ የወረቀት ልብስም፣ የወረቀት ቤትም።

ሰው ከሆኑ ግን አንድ ነገር ይመልሱልኝ። እህቴ ጸጉሯን በጠቀለለች ቀን የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያን ቀን ምን ሠራሁ? ከኔና ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

ፉንግ ሁንግ


ሻቱንግ፣ የውሻ ዓመት፣ አምስተኛው ጨረቃ፣ ቀን 30

ለወንድሜ ለሁንግ

ሰላም ለቤትህ ይሁን፤ ለባለቤትህም፤ ጨው እንዳታባክን ንገራት፣ እዚህ ተወዷል።

ለጉዋንዪን የቀረበውን ዶሮ እግሩን ገንጥለህ በላኸው። ዕጣኑ ግማሽ እንኳ አልነደደም። አባባ ቀርከሃውን ሲያነሳ «እኔ ነኝ የበላሁት» ብዬ የገረፈኝ እኔን ነው። በአዲስ ጸጉሬ፣ በበዓሌ ቀን፣ በእህቶቼ ፊት። አንተ ከበሩ ኋላ ሆነህ አፍህን በእጅጌህ ትጠርግ ነበር። ያኔም ዕጣኑ ሳያልቅ የኔን መሥዋዕት በላህ፤ ዛሬም እንዲሁ። አሁን አወቅኸኝ?

ካወቅኸኝ የገባህበትን ቤት ልንገርህ። ክዋን ቤት ሄድኩ። ሚስቱ ስታየኝ መንፈስ መስያት ጥሬ ሩዝ በተነችብኝ። ቀጥሎ እግሬ ጥላ እንዳለው አየችና ወንበር አቀረበች። ከሙታኑ መደርደሪያ ላይ ስሜ በቀይ እንጨት ተጽፎ ቆሟል፤ ከፊቱ አንድ ስኒ ሩዝና አንድ ብርቱካን። የክዋን ሩዝ! ደጅ ወጥቼ ምራቄን ተፋሁ።

ሽማግሌው ክዋን መጣ። ያው ጥቁር ጃንጥላው በብብቱ ነው፤ ዝናብ ቢኖርም ባይኖርም አይለየውም። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ምራቴ፣ እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ» አለኝ። «ልጄ ይህን ሳያይ ቀረ።»

«ልጅህ በምን ሞተ?» አልኩት።

«በጦርነቱ፤ ሰማዕት ሆኖ።»

ልጁ የሞተው በጃፓኑ ሻምበል ግብዣ ላይ የዓሣ አጥንት ጉሮሮው ውስጥ ተሰንቅሮ መሆኑን እኔም አውቃለሁ፣ መንደሩም ያውቃል። በር ላይ ሴቶች ተሰብስበው ነበርና ቶፉ ሻጯ ከውጭ ሆና ጮኸች፤ «አርበኛውስ ዓሣው ነው! ሰሌዳውን ለዓሣው ስቀሉለት!»

ሁሉም ሳቁ። ክዋን አብሮ ሳቀ። የቀፈፈኝ ይህ ነው፤ አብሮ መሳቁ።

እማማ ሙይን ታውቃታለህ፤ የእህቶች ቤታችን ታላቅ፣ ዘንድሮ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። የቾይንጋን ጀልባ በተያዘ ቀን ቅጠል ስትለቅም ነበር። ክዋን ከጃፓኖቹ ጋር ኩሬው ዳር ቆሞ ጀልባውን በጃንጥላው ጫፍ ሲያሳያቸው በዓይኗ አይታለች። እስከ ዛሬ የፈራችው ይህ ሰው አሁን የሰማዕት አማች ነው። ከጃፓን ጋር ያበሩትን የሚፈልጉ መርማሪዎች ሲመጡ ሰሌዳውን አይተው ኮፍያ አንስተው ያልፋሉ። ጠቁሞ ያስያዛትን ሴት አጥንት ሰብስቦ ጋሻ አደረጋት። አየህ ወንድሜ፣ ያን ዓመት መንደሩ የዚያን ኩሬ ዓሣ አልበላም፤ እሱ ግን ለገበያ አውጥቶ ሸጦታል።

ወረቀቱን ላክ።

ሳውቻን


ኢፖ፣ የውሻ ዓመት፣ ስምንተኛው ጨረቃ፣ ቀን 28

ለምወድሽ፣ እንደ እናት ላሳደግሽኝ እትዬ

ሺህ ሰላምታ፣ እልፍ ናፍቆት! ያን የዶሮ እግር ነገር ሳነብ እንባዬ ወረደ። እትዬ አለች ብዬ ሰፈሩን ሁሉ ቀሰቀስኩ፤ ርችት ተኮስን። ጉዋንዪን የእግርሽን ሕመም ወደ ጠላቶችሽ ታዛውርልሽ።

መልሱ ስለዘገየ ይቅር በይኝ፤ የቆርቆሮ ማዕድኑ ሥራ ሲቀዘቅዝ የሱቅ ሥራም ይቀዘቅዛል። ሁለተኛዋ ልጄ ኩፍኝ ይዟት ነበር፤ አሁን ድናለች። ከዚህ ጋር አሥራ ሁለት ቆርቆሮ ወተት፣ ስድስት ክንድ ጥቁር ጨርቅና ትንሽ ገንዘብ ልኬልሻለሁ። ለጥርስሽ ሐኪም ፈልጊ።

ስለ ሌላው ነገር፣ እትዬ፣ አትቸኩዪ። ጦርነት አለፈ። ሰዉ ሁሉ ደክሟል። ክዋንም ሽማግሌ ነው፣ ነገ ከነገ ወዲያ ሟች ነው። እስኪ ወደፊት እናየዋለን። ዓሣ ልኬልሽ ነበር፤ ግን መርከብ ላይ ይሸታል ብለው መለሱት። መቼ ነው የሚሻልሽ? እዚህ መጥተሽ ብታርፊስ? ክፍል አለን።

ታናሽሽ ሁንግ


ሻቱንግ፣ የውሻ ዓመት፣ ዘጠነኛው ጨረቃ፣ ቀን 25

ለሁንግ

ልጅህ መዳኗ ደስ አሰኝቶኛል። ይህን ከልቤ ነው የምልህ።

ጨርቁ፣ ወተቱና ገንዘቡ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተመልሰዋል። አንድ ቆርቆሮ ጎድሏል፤ እማማ ሙይ ከፍታው ኖሯል፤ ከየት እንደመጣ ስነግራት ቀሪውን ለድመቷ ሰጠችው።

ለምን መለስሽው ትል ይሆናል። ደብዳቤህን የጻፍክበትን ወረቀት ገልብጠህ እየው። ከጀርባው የሱቁ ማኅተም አለ፤ «ዪሃፕ»፣ ዙሪያው የሩዝ ዛላ። ይህን ማኅተም አውቀዋለሁ። ከጃፓኖቹ ሠፈር ማዶ የእንቦጭ አረም የምነቅል መስዬ፣ ወደ ውስጥ የሚገባውን የሩዝ ጆንያ ለተዋጊዎቻችን ስቆጥር የከረምኩ እኔ ነኝ። በያንዳንዱ ጆንያ ላይ ይህ ማኅተም ነበር። የክዋን ቤት ማኅተም ነው። ማላያ ላይ ያለው የክዋን ወንድም ሱቅም ዪሃፕ እንደሚባል መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ብቻ ዛሬ ዐወቅሁ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አንድ ጥያቄ ብቻ መልስልኝ፤ እኔን ስትድር አዝነህ ነው ወይስ ሱቅ ፈልገህ?

ሳውቻን


ኢፖ፣ የውሻ ዓመት፣ አሥራ ሁለተኛው ጨረቃ፣ ቀን 23

ለእትዬ ሳውቻን

ለአዲሱ ዓመት እንኳን አደረሰሽ፤ ሰማይ ዕድሜሽን ያርዝመው።

ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። በመጨረሻ እውነቱን ልንገርሽ፤ አንቺ ውሸት ትለዪያለሽ።

ሁለቱም ነው። ጃፓን እዚህም ነበር፣ እትዬ። ያለኝን ሁሉ ወስደው ሲያበቁ ልጆቼ የካሳቫ ሥር ይበሉ ነበር። የክዋን ወንድም መጥቶ፣ «እህትህ ያለ ባል ሞታ በረሃብ እየዞረች ነው። ለወንድሜ ልጅ ስጣት፤ ዘመድ እንሆናለን፤ ሱቁን አብረን እንይዛለን» አለኝ። ማታ ማታ በሕልሜ በር ላይ ቆመሽ ሩዝ ትለምኚኝ ነበር። ማኅተሙን ስመታ ደስ ብሎኝ ነበር፤ በመጨረሻ በላች ብዬ። ክዋን ምን እንደሠራ፣ በአያቶቻችን እምላለሁ፣ አላውቅም ነበር።

አሁን አወቅሁ። ግን የመሻሪያውን ወረቀት ከላክሁ በማግስቱ ከሱቁ እባረራለሁ። አምስት ልጆች አሉኝ። እትዬ፣ እስኪ በርጋታ አስቢው፤ አንቺ በሕይወት አለሽ፣ ምንም አልጎደለብሽም። ቾይንጋን ደግሞ ዘመድ የላትም፤ እዚያ ቢያንስ በየወሩ ሩዝና ዕጣን የሚያቀርብላት አለ። ለእሷስ ከጎዳና አይሻላትም? ስሟ በቤተ መቅደስ የሚቀመጥበትን ክፍያ እኔ እችላለሁ፤ ግን ወረቀቱን አትጠይቂኝ። እባክሽ አትጥዪኝ።

ታናሽሽ ሁንግ


ሻቱንግ፣ የአሳማ ዓመት፣ የመቃብር መጥረጊያ በዓል ማግስት

ለፉንግ ሁንግ

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሁለት ወር አልፎታል። ወዲያው ያልመለስኩት እጄ ስለታመመ አይደለም። ወረቀት ላይ የምተፋ ስለመሰለኝ ነው።

«ከጎዳና አይሻላትም?» አልክ። ከሌላው ሁሉ ይህች ቃል ናት አንጀቴን የበላችው። የክዋንን ክፋት ለምጄዋለሁ። የአንተን ደግነት ግን መዋጥ አቃተኝ።

ትናንት የሆነውን ልንገርህ። መንደሩ ሁሉ የተጠበሰ አሳማውን ተሸክሞ መቃብር ሊጠርግ ኮረብታ ወጥቷል፤ ፀሐይ አናት ላይ ናት። እኛ ስድስት አሮጊቶች መቆፈሪያ፣ አንድ ገንቦ የሩዝ አረቄና አንድ የአጥንት ማሰሮ ይዘን ወጣን። ከስድስታችን ጤነኛ ጉልበት ያላቸው ሁለት ብቻ ናቸው። ሌባ ሌሊት ይሠራል፤ እኛ በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው ሁሉ ፊት የክዋንን መቃብር መቆፈር ጀመርን።

ልጁን አልነካነውም፤ ጎኑ ያለችውን አወጣናት። አጥንቷን አንድ በአንድ በአረቄ አጠብኩ። ረጅም ነበረች አላልኩህም? የጭኗ አጥንት ከማሰሮው አፍ አልፎ ወጣ፤ እማማ ሙይ «ይቺ ልጅ ሞታም አትጎነበስ» አለች። ማበጠሪያዋ አፈሩ ውስጥ ተገኘ፤ ሦስት ጥርሱ ተሰብሯል። የኔም ማበጠሪያ የተገዛው ከዚያው ሻጭ፣ ጸጉራችንን በጠቀለልንበት ቀን ነው።

ክዋን ጃንጥላውን እያወዛወዘ መጣ፤ ከኋላው መንደሩ። «ሌቦች! ምራቴን ሊሰርቁ! ያዙልኝ!» ይላል። ሁለት ወንዶች ወደኛ ተራመዱ።

ያን ጊዜ ቆምኩና በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «አባባ» አልኩት።

«አባባ፣ የቤትህ ምራት ማን ናት? ሰሌዳህ ላይ የተጻፈው የማን ስም ነው?»

«ያንቺ» አለ፤ ሌላ ምን ይበል?

«እንግዲያው ልብ በል። ከባሌ ጋር ተጣልቻለሁ። ሲበላ አይጠነቀቅም፣ ከሰው ጋር አይነጋገርም፣ ሚስቱ ስትመጣ ቀና ብሎ አያይም። አኩርፌ ወደ እናቴ ቤት መሄዴ ነው። ዕቃዬን፣ ይህንንም ማሰሮ፣ ይዤ እሄዳለሁ።»

ካልረሳኸው፣ የአገራችን ደንብ ይህ ነው፤ ሚስት አኩርፋ ስትሄድ ማንም መንገድ አይዘጋባትም፤ ባልየው ራሱ አሳማ እግር ይዞ መጥቶ ለምኖ ይመልሳታል። ቶፉ ሻጯ ነገሩ ቶሎ ገባት። «ልክ ናት!» ብላ ጮኸች። «የፈለጋት ባልየው ይምጣ!» ከዚያ ሴቶቹ ሁሉ ተቀበሏት። «ባልየው ይምጣ! አሳማ እግሩን ይዞ ራሱ ይምጣ!» ወደኛ የተራመዱት ወንዶች ሳቃቸውን ለመደበቅ ፊታቸውን አዞሩ። ክዋን ጃንጥላውን ወደኔ ቀሰረ። አንድ ጊዜ በዚያ ጫፍ ቾይንጋንን አሳይቷል። ጫፉን በእጄ ይዤ ወደ መሬት ዝቅ አደረግሁት፤ እሱም አልታገለኝም። እስካሁን ታጥቤ ታጥቤ መዳፌ የጠራ አይመስለኝም።

ቾይንጋን አሁን በእህቶች ቤት ናት፤ በስሟ፣ ሎ ቾይንጋን ተብላ። ማበጠሪያዋን አጠገቧ አድርገናል። ሩዟን የምናቀርብላት እኛ ነን።

ድል አድርገሻል እንዳትለኝ። የክዋን ሰሌዳ እንደተሰቀለ ነው። ዛሬ ጠዋት ጽሕፈት ቤት ሄጄ ነበር፤ ያው ጸሐፊ ያንኑ ቃል ደገመልኝ፤ ያለ ማኅተም አይሆንም። እኔ በወረቀት ላይ ዛሬም ሰማዕት ነኝ፣ ዛሬም የዚያ ቤት ምራት ነኝ፤ መርማሪም በመጣ ቁጥር ክዋን ከስሜ ኋላ ይደበቃል። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለህ በጀርባዬ ተደበቅህብኝ፤ ደስ ብሎኝ ተገረፍኩልህ። አሁን ግን ከዚያ ሰው ጋር አንድ ጀርባ ላይ ተሳፍራችኋል፤ ሁለታችሁን መሸከም አልችልም።

አንድ ነገር ደግሞ አሳውቅሃለሁ። የወላጆቻችን መደርደሪያ ላይ ላንተ የስም እንጨት አቁሜልሃለሁ። «ፉንግ ሁንግ፣ ባሕር ማዶ የሞተ» ይላል። የክዋንን ሩዝ እየበላ የሚኖር ወንድም የለኝምና ሞቷል ብዬ አምኛለሁ፤ አንተም ስለኔ ሳታይ አምነህ ነበር። ዕጣን አጨስኩልህ፤ እስኪያልቅም ጠበቅሁ። ከዚያ ብርቱካንህን ራሴ ልጬ በላሁት፤ መራራ ነበር።

ከሞትክበት መነሳት ካማረህ ወረቀቱን ላክ። ሙት ደብዳቤ መጻፍ እንደሚችል ከኔ አይተሃል። እስከዚያው ግን አትስጋ፤ ለማንም አልዳርኩህም።

ሳውቻን